እማወራ ፍለጋ በእንጦጦ መንገድ

ዊንጌት፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ማለዳ ከዊንጌት ተነስቼ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ርቀቱ ጉዞ ለመባል እንደማይበቃ አውቃለሁ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጉለሌ ነው፤ ተራራው ከደጃችን ይታያል። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከታች ሆኜ ሳየው ኖርኩ እንጂ፣ ሴቶቹ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱበትን መንገድ አንድ ቀን በእግሬ ረግጬው አላውቅም ነበር።

የሄድኩት ለሥራ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በሴትና በወንድ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ለይቶ የሚያጠና ፕሮጀክት መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ቀጥሮኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ታብሌት፣ የእጅ ሚዛን፣ ውሃና እናቴ የጠቀለለችልኝ ዳቦ አለ። ታብሌቱ ላይ ስልሳ ሁለት ጥያቄ ተጭኗል። ጥናቱ ሲያልቅ ፕሮጀክቱ ከመላሾቹ መካከል ጥቂት ሴቶችን መርጦ በአንድ ችግኝ ጣቢያ ሥራ ይሰጣል ተብሏል። እንጨት መሸከሙን ትተው ችግኝ እየተንከባከቡ ደመወዝ ያገኛሉ። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ፣ ጠይቆ ብቻ የማይሄድ ጥናት አገኘሁ ብዬ ለእናቴ አውርቼላታለሁ። ትንሽም ሳልኩራራ አልቀረሁም።

ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ። የሸማ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ከአንዲት ሴት አንድ ስኒ ቆሎ በአሥር ብር ገዛሁና ወደ ተራራው የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ወያላው “ማርያም፣ ማርያም፣ ሃያ ብር!” እያለ ሲጣራ ቆየና ቦርሳዬን አየት አደረገ።

“ልትሳለሚ ነው ልትሮጪ?”

“እንጨት የሚሸከሙትን ልከተል ነው።”

“ለመከተልም ይከፈላል? እኔንም አስቀጥሪኛ!” አለና ተሳፋሪውን አሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ቀን የሳቅኩት እዚያው ላይ ብቻ ነው።

መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ባለ ቀለም ጫማ ያደረጉ ሯጮች በአስፋልቱ ዳር ሽቅብ ይሮጣሉ፤ ጎንበስ ያሉ ሴቶች ደግሞ በዚያው መንገድ ቁልቁል ይወርዳሉ። ሴቶቹ አንገታቸውን ማቅናት ስለማይችሉ መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት። ሯጮቹ ሰዓታቸውን ያያሉ።

እንጦጦ ማርያም፣ ሁለት ሰዓት

መመሪያው “ከሚያልፉት ሴቶች ሦስተኛዋን አስቁሚ” ይላል። ናሙና መውሰድ ማለት ይኸው ነው፤ ደስ ያለሽን ሳይሆን ተራ የጣለልሽን ነው የምትጠይቂው። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቆሜ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። ሦስተኛዋ ብርቄ ነበረች። ገመድ ወገቧ ላይ ጠምጥማለች፣ እጅጌው የተተለተለ የወንድ ጃኬት ደርባለች፣ እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ አለ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ግንቡን ተሳለመች። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ እጄን አጣምሬ ጠበቅኋት።

“እንደምን አደሩ? ለጥናት ነው፤ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት?” አልኳት።

“አንቱ አትበይኝ እባክሽ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያስረጀኝ ይኼ ዳገት ነው” አለችኝ። “ደግሞ እየሄድን ብትጠይቂኝስ? ጓደኞቼ ቀድመውኛል፤ ብቻዬን ጫካ አልገባም።”

ከዚያ በኋላ አንቺ አልኳት። እኔም ተከተልኳት።

መጠይቁ የሚጀምረው በአየር ጠባይ ነው። “ባለፉት አሥር ዓመታት የዝናቡ ሁኔታ ተለውጧል? ጨምሯል፣ ቀንሷል፣ አልተለወጠም፣ አላውቅም?” ብዬ አነበብኩላት።

ብርቄ እየተራመደች አሰበችበት። “ድሮ ሰኔ ሲገባ ክረምቱም ይገባ ነበር። አሁን ሰኔ ደረቅ ሆኖ ያልፍና፣ አበቃ ባልነው በጥቅምት ይወርዳል። ሲዘንብ ጭራሮው ይርሳል። የራሰ ጭራሮ ሸክሙ እጥፍ ነው፤ ገዢ ደግሞ እርጥብ አይገዛም። እዚያ ታች ምንጭ ነበረን፤ እየጠጣን ነበር የምንወርደው። ከደረቀ ሦስት ዓመቱ። አሁን ውሃም ጭምር ተሸክመን ነው የምንወጣው” አለችኝ። ቀና ብላም ታብሌቱን አየች። “ይኼ የትኛው ነው? ጨምሯል ነው ቀንሷል?”

“ቀንሷል” የሚለውን ነካሁ። የቀረውን “ሌላ አስተያየት” በሚለው ቦታ አሳጥሬ ጻፍኩ። ያንን ቦታ ማንም እንደማያነበው ሥልጠና ላይ ነግረውናል።

ጫካው ውስጥ

ጭራሮ መልቀም ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጎንበስ ቀና ስትል አየኋት። የወደቀ ቅጠልና ደረቅ ቅርንጫፍ እንጂ የቆመ ዛፍ አይነካም። የደኑ ጥበቃ አንዴ ሲያፏጭ ሁሉም ባሉበት ተቀመጡ፤ ድምፁ ሲርቅ ተነሱ። “ሥራው ነው፤ እሱም ልጆች አሉት” አለች ብርቄ። እኔ ስለ ጥበቃ የሚጠይቅ ቁጥር ፈልጌ አጣሁ።

እስሩ ሲያልቅ ከጓደኞቿ አንዷ ጀርባዋ ላይ አነሳችላት። ለመመዘን መሬት ላይ አስቀምጪልኝ ስላት ሁሉም ደነገጡ። ለካ ሸክም ሜዳ ላይ አይቀመጥም። አንዴ ከተቀመጠ ብቻሽን አታነሺውም፤ የሚያነሳልሽ ከሌለ እዚያው ጥለሽው ትሄጃለሽ። ቁልቁለቱ ላይ ወገብ ድረስ የሚደርሱ የመንገድ ዳር እርከኖች አሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ሸክሙን እዚያ ላይ አስደግፈው፣ ገመዱን ከደረታቸው ሳያወርዱ ነው የሚያርፉት። የመጀመሪያው ማረፊያ እስክንደርስ ጠበቅኩ። ሚዛኑ ሠላሳ ስምንት ኪሎ አለ። እኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ።

“ግራ እግሬ ይደነዝዛል” አለችኝ እዚያው ተደግፋ። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። “ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ወገብሽ ነው፤ ከባድ ነገር እንዳታነሺ አለኝ። ቀላል ሥራ አሳየኝና ይኼን ልተው አልኩት።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ያ የችግኝ ሥራ የሚሉት እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“ቆመው ነው ተቀምጠው የሚሠሩት?”

“ሁለቱም ይኖራል መሰለኝ።”

“ቆሜም ቢሆን ግድ የለኝም። ጎንበስ ካልተባለ በቃኝ። ይኼ እግር አንድ ቀን እዚህ ዳገት ላይ ይከዳኛል፤ ያን ቀን ቤታችን አለቀ። እስቲ ጻፊኝ የኔ እህት።”

እጽፍሻለሁ አልኳት። ለመጻፍ ደግሞ የመጠይቁን ሁለተኛ ክፍል መክፈት ነበረብኝ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ “የቤቱ ኃላፊ ማን ነው?” የሚል ነው።

“ታደሰ ነዋ” አለች። “ባለቤቴ።”

“ምን ይሠራሉ?”

“ግንበኛ ነበር። አራት ዓመት ሆነው፤ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ከነመወጣጫው ወደቀ። ተኝቶ ነው ያለው። ከወገቡ በታች አይሰማውም።”

“ታዲያ ቤቱን የምታስተዳድሪው አንቺ ነሽ ማለት ነው። እማወራ ብዬ ልጻፍሽ?”

ገመዱን አጥብቃ ቀና ለማለት ሞከረች። “አባወራው ቤት ውስጥ አለ እኮ። ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም። እንደሱ እንዳትጽፊ” አለችኝ።

“አባወራ” የሚለውን ነካሁ። ታብሌቱ ጭልም ብሎ ሲመለስ “መጠይቁን በሙሉ ለአባወራው ያቅርቡ” የሚል ጽሑፍ ወጣ። የዝናቡ መልስ ጠፋ። ምንጩም፣ ጥቅምትም፣ የራሰው ጭራሮም ባዶ ሆኑ።

የብርቄ ቤት፣ ስምንት ሰዓት

ሸክሙን ሽሮ ሜዳ አጠገብ ለዳቦ ጋጋሪ በሁለት መቶ ሃምሳ ብር ሸጠችና ወደ ቤቷ ይዛኝ ሄደች። ቤቱ ከተራራው ግርጌ፣ ከሰፈሩ ሁሉ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት። ጋሽ ታደሰ መስኮቱ ሥር አልጋ ላይ ናቸው። ፂማቸው ተላጭቷል፤ ጋቢያቸው ንፁህ ነው። ብርቄ ወደ ጫካ ከመውጣቷ በፊት ማለዳ እንደምትላጫቸው ኋላ ሰማሁ።

“ግቢ ልጄ፤ ከመንግሥት ነሽ?” አሉኝ።

“አይ፣ ከጥናት ነው።”

“ከጥናት። ጥሩ። ይኼን ግድግዳ እይልኝ እስቲ። እያጋደለ ነው አይደል? ከዚሁ ሆኜ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ተነስቼ ማቃናት ብቻ ነው ያቃተኝ።”

ብርቄ በር ላይ ተቀምጣ የቀቀለችውን ድንች መላጥ ጀመረች። እኔ መመሪያው እንዳዘዘኝ እሳቸውን ጠየቅኩ። ዝናቡስ? “ዝናብ የማውቀው በቆርቆሮው ድምፅ ነው” አሉ። “ዘንድሮ አልቀነሰም መሰለኝ።” አልቀነሰም ብዬ ጻፍኩ። እንጨት የሚለቅመው ማን ነው? “እሷ ናት።” በሳምንት ስንት ቀን? “ሁለት ቀን” አሉ ያለ ማመንታት። ብርቄን አየኋት። ከድንቹ ቀና አላለችም።

ድንቹን በአዋዜ በላን። ስወጣ ብርቄ ሸኘችኝ፤ ከቤቱ ራቅ ስንል “ስድስት ቀን ነው” አለችኝ። “አራቱን ቀን ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ ብዬዋለሁ። ተኝቶ ያለ ሰው የሚሠራው ሥራ ማሰብ ብቻ ነው፤ ስድስት ብለው ስድስቱንም ያስበዋል። ሁለቱ ይበቃዋል።”

ሽሮ ሜዳ፣ አሥር ሰዓት

አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥኩና ለአስተባባሪያችን ለዮናስ ደወልኩ። ዮናስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከእኛ ከሰብሳቢዎቹ ጋር ፀሐይ ላይ የሚውል፣ ሁልጊዜ የደከመው ሰው ነው። ነገሩን ነገርኩት።

“አባወራ ከሆነ ለችግኙ ሥራ አትገባም” አለኝ። “ምርጫው ከእማወራዎች ብቻ ነው።”

“እንጨቱን የምትሸከመው እሷ ናት እኮ! ጥናቱ ስለ ሴቶች አይደለም እንዴ?”

“ስሚኝ። መጠይቁ የመጣው ከላይ ነው። እ… ማለቴ፣ እዚህ ጥናት ላይ ጾታ ማለት የቤቱ ኃላፊ ጾታ ነው። በወንድ የሚመራ ቤት፣ በሴት የሚመራ ቤት፤ እነዚህን ነው የምናነፃፅረው።”

“ያገባች ሴትስ?”

“በባሏ ውስጥ ተካታለች” አለ። ሳይቀልድ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ተናደድኩ። በዮናስ፣ በታብሌቱ፣ ብርቄን ወገብ የሌላት አድርገው ባስቀሯት ከላይ ባሉት ሰዎች ተናደድኩ። የተናደደ ሰው ደግሞ ትክክል ነኝ ብሎ ማመን ይቀናዋል። ቅጹን እንደገና ከፈትኩና “እማወራ” የሚለውን ነካሁ። የጋብቻ ሁኔታ ጠየቀኝ። “ያገባች” ስለው ቀይ መስመር አወጣና አልቀበልም አለ፤ እማወራ ለመሆን ያላገባች፣ የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት መሆን አለባት። ፈታች ብዬ ልጽፍ አልኩና ተውኩት። እንዲህ የምትላጨውን፣ እንዲህ የምትዋሽለትን ባል ፈታች ማለት ነውር ሆኖ ተሰማኝ። ባሏ የሞተባት የሚለው ለስላሳ መሰለኝ። ማንም አያየውም፤ ቁጥር ሆኖ ነው የሚቀረው ብዬ አሰብኩ። ነካሁት። የዝናቡን መልስ፣ ስድስቱን ቀን፣ ሁሉንም በብርቄ ቃል መልሼ ሞላሁ። ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። አሥራ አምስት ብር ከፍዬ፣ አንድ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሁለተኛው ጉዞ፣ መጋቢት

ከሁለት ወር በኋላ ዮናስ ደወለ። ምርጫው አልቋል፤ ብርቄ ገብታለች። ዝርዝሩ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈሩ አዳራሽ ስለሚነበብ ሰብሳቢዎቹም ኑ ተባልን። ያን ጠዋት በደስታ ነው የወጣሁት። ለጋሽ ታደሰ ብርቱካን ገዛሁ፤ አንድ ኪሎ በመቶ ሃምሳ ብር።

አዳራሹ ሞልቷል። ብርቄ ፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች፤ እንደዚያ አምራ አላየኋትም ነበር። ስታየኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰችልኝ።

ያኔ ነው ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው። ዮናስ ማይክራፎኑን ይዞ “አድልዎ እንዳይኖር እያንዳንዷ ሴት የተመረጠችበት ምክንያት በሰፈሩ ሰው ፊት ይነበባል፤ ስሕተት ካለ ጎረቤት እዚሁ ይናገር” አለ። የሰፈር ማጣሪያ እንደዚህ ነው፤ ጎረቤት ያልመሰከረበት ዝርዝር አይጸድቅም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ተነስቼ ወደ ዮናስ ልሄድ ስል መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ሦስት ስም ተነበበ። አራተኛው መጣ።

“ወይዘሮ ብርቄ፤ እማወራ፤ ባሏ የሞተባት።”

ሕዝቡ ተገርሞ ይስቃል ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ታደሰ አራት ዓመት እንደተኙ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሞት ይጠበቅ ነበር፤ በማይክራፎን የተነገረ ነገር ደግሞ ይታመናል። ከኋላ አንዲት ሴት “ውይ ታዴን!” ብላ ጮኸች። ግን ከሁሉም በፊት ያመነችው ብርቄ ናት። ጠዋት ዳቦና ሻይ ሰጥታቸው ነው የወጣችው። ከወንበሯ ብድግ ብላ ዮናስን አየችው።

“መቼ?” አለችው። “አሁን ነው? ማን መጥቶ ነገራችሁ?”

ዮናስ ወረቀቱን አየ። ብርቄ መልስ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ጥላ በበሩ ወጣች።

“አልሞቱም!” ብዬ ጮህኩ። “እኔ ነኝ የጻፍኩት! እሷ አላለችም፤ እንዳትጽፊ ብላኛለች፤ እኔ ነኝ!” የሰሙኝ ፊት ያሉት ብቻ ናቸው። የእድሩ ሴቶች ገና ስሙ ሲጠራ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጥተዋል። ዮናስ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። “ምን አድርገሻል?” አለ። ነገርኩት። “በሕይወት ካለ አባወራ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “ማውጣት አለብኝ። ሕዝብ ፊት ነው። ለአንድ ሳምንት ቅሬታ እንሰማለን፤ እስከዚያ ቦታዋ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ ተጠባባቂዋን አስገባለሁ።”

እንደገና ዳገቱ ላይ

ብርቱካኑን ይዤ ብርቄን ተከተልኩ። ወገቧ የታመመ ሴት እንደዚያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ግራ እግሯን እየጎተተች፣ ድንጋዩን በእጇ እየቧጠጠች ነበር የምትወጣው። ልደርስባት አልቻልኩም።

ቤቱ ጋ ስደርስ ደጁ በሰው ተሞልቷል። ሁለት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፤ አንድ ሽማግሌ ድንኳኑ የት ይተከል ይላሉ። ከውስጥ የጋሽ ታደሰ ድምፅ ይሰማል።

“ግቡ እንጂ! ምን ደጅ ያስለቅሳችኋል? እኔም ልስማ፤ ማን ነው የሞተው?”

ልቅሶው ተቋረጠ። ብርቄ መግባት ፈርታ በሩ ላይ ተደፍታ ነበር፤ ድምፃቸውን ስትሰማ ቀና ብላ እዚያው ተቀመጠች። ሴቶቹ አፍረው፣ ማርያምን እያመሰገኑ፣ አንዳንዶቹም እያጉረመረሙ ተበተኑ። አንዷ ስታልፍ “ለሥራ ብላ ባሏን ገደለች” አለች፤ ብርቄ ሰማች። ሴትዮዋን አስቁሜ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። በአዘኔታ አየችኝ፤ ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ገብቼ ለሁለቱም ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ሻይ ቤቱን፣ ቀዩን መስመር፣ የነካሁትን። ብርቄ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። “እንዳትጽፊ ብዬሽ ነበር” አለች ብቻ። ሥራውስ አለችኝ። ቀርቷል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ባልዲ አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። መቅዳት ሳይሆን ማልቀስ እንደሆነ እኔም ጋሽ ታደሰም አውቀናል።

ጋሽ ታደሰ ወደ በሩ አይተው መሄዷን አረጋገጡ።

“ልጄ፣ ነይ ቅረቢ” አሉኝ። “እንጨቱን የምትለቅመው ስድስት ቀን ነው አይደል?”

የያዝኩትን ብርቱካን ማየት ጀመርኩ።

“እጇን አያለሁ እኮ። ልብስ ያጠበ እጅ እንደዚያ አይሆንም። ለእሷ ብዬ ነው ሁለት የምለው።” ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ስለ ማንኛውም ተራ ጉዳይ እንደሚያወራ ሰው የተረጋጋ ነበር። “ያ ዝርዝር መቼ ነው የሚዘጋው?”

“ለምን ጋሼ?”

“እንዲያው ነው። ከመዘጋቱ በፊት ነገሩ እውነት ሆኖ ቢገኝ፣ ስሟ ይመለሳል ወይ?”

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ። አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሰባት ቀን። እኚህ ሰው ግድግዳ ስንት ቀን እንደሚቆም በዓይናቸው የሚለኩ ሰው ናቸው፤ የሰጠኋቸውን ቀን ምን እንደሚያደርጉበት አየሁት።

“ተዘግቷል” አልኳቸው። “ዛሬ ጠዋት ተዘጋ። በቦታዋ ሌላ ሴት ገብታለች።”

ረጅም ጊዜ አዩኝ። “እንግዲያው ጥሩ” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ብርቄን ውሃው ጋ አገኘኋት። ጋሽ ታደሰ የጠየቁኝንም፣ ተዘግቷል ብዬ የመለስኩላቸውንም ነገርኳት፤ በዚህ ላይ እንኳን ልዋሻት አልቻልኩም። ባልዲውን አስቀመጠች። “ዛሬ ከጎኑ አልነሳም” አለች። “የእድሩን ዳኛም ጠርቼ አስመክረዋለሁ። አንቺ ግን የነገርሽውን እውነት አድርጊው። ዝርዝሩ ክፍት ነው ብሎ የሚነግረው ሰው አይጠፋም።”

“ቅሬታ ማቅረብ ትችያለሽ እኮ። ሳምንቱ ገና ነው። እኔ እመሰክርልሻለሁ፣ ምናልባት…”

“ዝጊው አልኩሽ።”

ከቤቱ በታች ዳገቱ ላይ ቆሜ ለዮናስ ደወልኩ። ሳምንቱን አትጠብቅ፣ ተጠባባቂዋን ዛሬውኑ አስገባ ብዬ ለመንኩት። አበድሽ ወይ አለኝ። ምክንያቱን ነገርኩት። ሽሮ ሜዳ ስደርስ ስልኬ ላይ “ገብታለች። ዝርዝሩ ተለጥፏል” የሚል መልእክት ጠበቀኝ።

ዊንጌት

ከምሳ በኋላ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ሴትዮዋ ሥራውን አገኘች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላገኘችም አልኳት፤ ሌላ መናገር አልቻልኩም። ሰኞ ጥናቱን ለሚያካሂደው ድርጅት አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ያገባች ሴት በባሏ ውስጥ አይደለችም፤ የምትሸከመውን ሸክም የምታውቀው እሷ ናትና እሷን ጠይቁ፤ እማወራ የሚለው ሣጥን ባል መሞትን የሚጠይቅ ከሆነ ድሃ ቤት ውስጥ ባል ምን እንደሚያስብ አስቡ ብዬ ጻፍኩ። የራሴንም ጥፋት ጻፍኩ። ሁለት መስመር መልስ መጣልኝ፤ አስተያየቱ ለሚቀጥለው መጠይቅ ግብዓት ይሆናል፣ የእኔ ውል ግን ተቋርጧል። ተገቢ ነው። ሣጥኑ ጠባብ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ብርቄን ሣጥኑ ውስጥ ለማስገባት ሰውዬውን በጽሑፍ የገደልኩት ግን እኔ ነኝ፤ እንዳትጽፊ እየተባልኩ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ እሄዳለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ብርቄን ከሸክሟ ጋር ስትወርድ አየኋት፤ ጋሼ እንዴት ናቸው ስላት ደህና ነው፣ ግድግዳውን እድሩ ሊያቃናለት ነው አለችኝ። ግራ እግሯ ከበፊቱ የበለጠ ይጎተታል። ይህን በምጽፍበት ሰዓት እሷ ተራራው ላይ ናት፤ እሳቸውም በሕይወት አሉ። በሁለቱም የእኔ እጅ አለበት።